ቀለሙ እስኪመጣ

ዓሦቹን ያመጣኋቸው ቀን ለእናቴ በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት። እናቴ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች፣ ቆሮሶን ከአምባዛ በሩቁ የምትለይ ሴት ናት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና፣ «የማርያም መቀነት ያልሽኝ እነዚህን ነው?» አለች። ስድስት ዓሦች ናቸው፤ አንዳቸውም ከትንሽ ጣቴ አይበልጡም። ከቆርቆሮ የተቀደዱ ይመስል ግራጫ ሆነው በአንድ ጥግ ተጠጋግተው ቆመዋል።

«ገና ልጆች ናቸው፣ እማዬ። ቀለማቸው ወደፊት ይመጣል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።»

ትንሽ ዝም አለች። «እንግዲያው መጠበቅ ነዋ» አለችኝ።

ይህ ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ሰው እንግዳ ይጠብቃል፤ እረኛ ከብት ይጠብቃል። የመጀመሪያው ገና ያልደረሰውን በተስፋ መቆየት ነው፤ ሁለተኛው በእጅ ያለውን እንዳይጠፋ መንከባከብ። አማርኛ ሁለቱን ሥራዎች ለአንድ ግስ አሸክሞ ትቷቸዋል፤ እኛም ስንናገር የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ቆም ብለን አናስብም። እናቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» ትለኛለች። ከክፉ ይሰውርሽ ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ሌሊቱን በሥራ አድሬ በምመለስበት ጠዋት ግን ቃሉን በሌላኛው ትርጉሙ እሰማዋለሁ፤ እስክትደርሺ ድረስ ይቆይሽ የምትለኝ ይመስለኛል።

የምኖረው በቨርጂንያ፣ አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባለው መንገድ ዳር ነው። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ሌሊት ነው። ገንዳው 1 ሜትር ከ20 ርዝመት አለው፤ ከ200 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ያስቀመጥኩት ከምሥራቁ መስኮት ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ነው። የጠዋት ፀሐይ የሚመታው ገንዳ አልጌ ያበዛል ብለው መክረውኝ ነበር፤ ትክክል ናቸው፣ በየሳምንቱ መስታወቱን እፍቃለሁ። ለምን ከዚያ እንዳላነሳሁት ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በሳይንስ ስማቸው ሜላኖቴኒያ ቦሴማኒ ይባላሉ። ሜላኖቴኒያ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ጥቁር ጥብጣብ ማለት ነው፤ ጥቁር መቀነት ብንለውም አንሳሳትም። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ደስ አለኝ። እናቴና የሀገሬ ሰው ቀስተ ደመናን የማርያም መቀነት ይላሉ፤ ፈጽሞ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ሊቃውንት ደግሞ ዓሣውን አይተው እነሱም መቀነት ታያቸው። ሁለተኛው ስም የአንድ ሰው ነው። ማሪኑስ ቡሴማን የሚባል የሆላንድ ተመራማሪ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በኒው ጊኒ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ቅርጹ የወፍ ራስ ስለሚመስል በዚያው ስም በሚጠራው ልሳነ ምድር፣ ከአያማሩ ሐይቆች እነዚህን ዓሦች ሰበሰበ። ናሙናዎቹ በብልቃጥ ውስጥ ሆነው ወደ አውሮፓ ሄዱ። ጄራልድ አለንና ኖርበርት ክሮስ ለዓሣው ስም ሰጥተው የገለጹት በ1980 ነው። በዚህ መካከል ሀያ አምስት ዓመት አልፏል።

ይህን ሀያ አምስት ዓመት ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በብልቃጥ ውስጥ በአልኮል የቆየ ዓሣ ቅርጹ ይቀራል፤ የክንፉ ጨረር ይቆጠራል፣ የቅርፊቱ ረድፍ ይለካል። ቀለሙ ግን ይሄዳል። በመደርደሪያ ላይ የነበረው ዓሣ በአንድ በኩል በደንብ ተጠብቋል፤ አልበሰበሰም፣ አልጠፋም። እሱ ዓሣ የሆነበት ዋናው ነገር ግን ከእሱ ጋር አልነበረም። በ1982 አለንና ሃይኮ ብሌኸር የተባለ ዓሣ ፈላጊ እስከ ሐይቁ ድረስ ሄደው በሕይወት ያሉትን ይዘው ሲመለሱ ነው የሰው ቤት ይህን ዓሣ ያወቀው። ወንዱ ከራሱ እስከ ወገቡ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ነው፤ ከወገቡ እስከ ጅራቱ የብርቱካን እሳት። መሃሉ ላይ ሁለቱ ቀለማት የሚገናኙበት ቦታ ጨለም ብሎ ይታያል፤ አንዱ ከሌላው አይደባለቅም።

ለአንዳንድ ነገር መቆየቱ ብቻ አይበቃም ለማለት ነው ይህን ያነሣሁት። ሳይበሰብስ መቆየትና በሕይወት መቆየት የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱንም መጠበቅ እንላቸዋለን።

ከእነዚህ ስድስት በፊት ሌሎች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ገንዳውን ገዝቼ፣ ውሃ ሞልቼ፣ በሁለተኛው ቀን ዓሣ አስገባሁበት። ውሃው የምንጭ ውሃ ይመስል ነበር፤ ከገንዳው ጀርባ ያለው የግድግዳ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። በአምስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው በውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ አንድም አልቀረ። ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ የገደልኳቸውም እኔ ነኝ።

ምክንያቱን የተማርኩት ከሞቱ በኋላ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። በሐይቅ ውስጥ ያ መርዝ ተበትኖ ይጠፋል፤ በመስታወት ውስጥ ግን የትም አይሄድም። የሚያድነው ዓይን የማያየው ሌላ ፍጡር ነው። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢኑን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፣ ደሙም ቡናማ ይሆናል። ይህን ሳነብ የታማሚዎቼን ከንፈር አስታወስኩ፤ ቀለም ከሰው ፊት ሲሸሽ ምን ማለት እንደሆነ በየሌሊቱ አያለሁ። ከዚያ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ መጥቶ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፤ ይኸኛው በብዙ እጥፍ የቀለለ ነው። ተክል ይመገበዋል፣ የቀረውን ሰው ውሃ ሲቀይር ይወጣል። እነዚህ ፍጡራን በገንዳ ውስጥ ተባዝተው ሥራቸውን እስኪይዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

እኔ ንጹሕ ያልኩት ውሃ ባዶ ውሃ ነበር። ማንም አልኖረበትም፤ ስለዚህ ማንንም ሊያኖር አይችልም ነበር።

ሁለተኛውን ጊዜ ለየት አድርጌ ጀመርኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ገንዳ ጠበቅሁ። ማሞቂያው ይሠራል፣ ማጣሪያው ይንኮሻኮሻል፣ መብራቱ በሰዓቱ ይበራል፤ ዓሣ የለም። በየቀኑ አሞኒያ በጠብታ እየለካሁ እጨምራለሁ፤ ውሃውን በትንሽ የመስታወት ቱቦ ቀድቼ የመመርመሪያ ጠብታ አደርግበታለሁ። አረንጓዴ ከሆነ አሞኒያ አለ፤ ቢጫ ከሆነ የለም። ጎረቤቴ አንድ ቀን ገብታ፣ «ዓሦቹ የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀችኝ። ገና አልመጡም አልኳት። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ከሥራ ስገባ ትናንት ማታ የጨመርኩት አሞኒያ በሙሉ አልቆ ቱቦው ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ። ያለቀስኩበትን በደንብ አውቀዋለሁ፤ የሆነ ቦታ፣ በማላየው ስፍራ፣ የማላየው ሕይወት ሥራውን ጀምሯል፤ እኔም ምንም ሳላይ ጠብቄዋለሁ። በሕይወቴ ከጠበቅኋቸው ነገሮች ሁሉ ሁለቱ ትርጉሞች ያለ ትርፍና ያለ ጉድለት የተገናኙበት ያ ባዶ ገንዳ ነው።

ዓሣ በማኖር የቆዩ ሰዎች ሰው የሚጠብቀው ውሃውን ነው እንጂ ዓሣውን አይደለም ይላሉ። እኔም ይህን በወገቤ ነው የተማርኩት። በየሳምንቱ 60 ሊትር ያህል አሮጌ ውሃ በጎማ ወደ ባልዲ አወጣለሁ፤ ያንኑ ያህል አዲስ አስገባለሁ። የኛ ሰፈር ውሃ ከፖቶማክ ወንዝ የሚመጣ ነው፤ ጀርም እንዳይኖርበት ክሎራሚን ይጨመርበታል። ክሎሪን ብቻ ቢሆን በባልዲ አድሮ ይተናል፤ ክሎራሚን ግን አይለቅም፣ የሚያከሽፈው ጠብታ ያስፈልገዋል። በየዓመቱ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ወደ ክሎሪን ይመልሱታል፤ ያን ሰሞን ሻወሩ ሳይቀር የመዋኛ ገንዳ ይሸታል። ዓሣ ከማኖሬ በፊት በዚህ ከተማ ስምንት ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። የምጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚደረግበት፣ መቼ እንደሚቀየር ያወቅሁት ለሌላ ነፍስ ስል ነው። የሰው ሀገር በልቤ ትንሽ የቀረበኝ በዚህ በኩል መሆኑን መናገር አለብኝ። ደግነቱ የአያማሩ ሐይቆች በኖራ ድንጋይ ምድር ላይ የተኙ ናቸው፤ ውሃቸው ማዕድን የበዛበት ነው። የኛም ቧንቧ ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ ለእነሱ ብዬ ውሃውን ማለዘብ አላስፈለገኝም።

አንድ ጓደኛዬ ቤቴ መጥታ ዓሦቹን እያየች፣ «እንዳንቺው ስደተኞች ናቸው» አለችኝ። በፍቅር ነው ያለችው፤ እኔ ግን አልተቀበልኩትም። እኔ መርጬ መጣሁ፤ ፓስፖርቴ በመሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ እናቴ ስትደውል አነሣለሁ። እነሱ አልመረጡም። ከሐይቁም አልተያዙም፤ ዛሬ በገበያ የሚገኘው አብዛኛው ቦሴማኒ በርቢ ገንዳ የተወለደ ነው። አያማሩን አያውቁትም፤ አይናፍቁትምም። የራሴን ናፍቆት በእነሱ አንገት ላይ ማንጠልጠል እነሱን አለማየት ይሆንብኛል።

ግን ጥያቄው ከዚያ በኋላም ይቀራል። ሕይወት ያለውን ነገር በመስታወት ውስጥ ማኖር ይገባል ወይ? ሁለት መቶ ሊትር ሐይቅ አይደለም። የጠዋት ፀሐይ መስታወቱን ሲመታ የማየው ውበት የእነሱን መታጠር እንደማይከፍል አውቃለሁ። ለዚህ ጥያቄ ንጹሕ መልስ የለኝም። ያለኝ አንድ ታሪክ ነው፤ ያን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ ጥያቄውን ያለ እሱ ማንሳት አልችልም።

በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ፣ አተርተን በሚባለው አምባ ላይ ኢቻም የሚባል ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶበት የተፈጠረ ነው፤ ወንዝ አይገባበትም። እዚያ ውስጥ ትንሽ ቀስተ ደመና ዓሣ ነበረች። ያው አለንና ክሮስ በ1982 ስም ሰጧት። ስሟ ከተጻፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሐይቁ ጠፋች። መርዝ አልነበረም፤ ድርቅም አልነበረም። ሰዎች ከሌላ ውሃ የወሰዷቸውን ሌሎች ዓሦች ወደ ሐይቁ አስገብተው ነበር፤ አዳኝ ሳይኖርባት የኖረችው ዓሣ መሸሽን አልለመደችም። ተመራማሪዎቹ ሐይቁን ፈትሸው አጧት። ያገኟት በሰው ሳሎን ነው። ጠፋች ከመባሏ በፊት ወስደው በቤታቸው ገንዳ ያራቧት ሰዎች ነበሩ። ዘሯን ወደ ሐይቁ ለመመለስ ተሞከረ፤ አልተሳካም፣ አዳኞቹ እዚያው ነበሩና። በኋላ በአካባቢው ወንዞች ውስጥ ወገኖቿ መኖራቸው በዘር ምርመራ ታወቀ፤ ስጋቱ ቀለል አለ። በመካከል ባለፉት ዓመታት ግን የአንድ ሐይቅ ዘር በባልዲ ውሃ በሚቀይሩ ሰዎች እጅ ላይ ቆሞ ነበር።

እነዚያ ሰዎች ዓሣዋን ሲያኖሩ ምን እያደረጉ እንደሆነ አላወቁም ነበር ብዬ አስባለሁ። ውበቷን ወደው ነው። ቀለሟ እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር፤ ሳያስቡት ዘሯን ጠበቁ። ያ ዓይነቱ ጥበቃ ዕቅድ የለውም፤ በየሳምንቱ የሚቀየር ውሃ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህም ነው በገንዳዬ ውስጥ ሌላ ወገን የማልጨምረው። ከኩቱቡ ሐይቅ የመጣው ሰማያዊው፣ ከሴንታኒ ሐይቅ የመጣው ደም የመሰለው ቀይ አምረውኛል፤ ጎን ለጎን ቢሆኑ ገንዳው እንደ መስቀል አበባ ይደምቅ ነበር። ነገር ግን ወገናቸው ቅርብ ለቅርብ የሆኑት ሲቀላቀሉ በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ ከዲቃላው የሚወለደው የማንኛቸውንም ሐይቅ ቀለም አይወርስም። ቦሴማኒ ዛሬ በተፈጥሮ ቦታው ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ የተመዘገበ ዓሣ ነው። አንድ ሐይቅ በአንድ ገንዳ ይበቃኛል።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ጣናን አነሣች። ጣናም የራሱ የሆኑ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች አሉት፤ ላቤዮባርበስ የሚባሉት ከአሥር በላይ ዓይነቶች እዚያው ሐይቁ ውስጥ ከአንድ ዘር ተከፋፍለው የወጡ ናቸው። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ፤ ያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የነገውን ነው የሚያወጣው። እናቴ ሳይንሱን አታውቅም። ግን፣ «የክረምቱን ዓሣ አባቴ አይነካም ነበር፤ እርጉዝ ነው ይል ነበር» አለችኝ። ይህን ከዚያ ቀን በፊት ነግራኝ አታውቅም።

ዓሦቹ ስምንት ወር ከሞላቸው በኋላ፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ያኔ ጅራታቸው አካባቢ ቢጫ ነገር ማሳየት ጀምረው ነበር። ከሻንጣዋ በርበሬውንና ሽሮውን አውጥታ ሳትጨርስ ወደ ገንዳው ሄደች። ለረጅም ጊዜ ቆመች። «ብርድ አይበላቸውም?» አለች መጀመሪያ። 25 ዲግሪ ላይ እንደሆኑ ነገርኳት። ከዚያ የዓሦቹን ምግብ ማሸጊያ አንሥታ አሸተተችና ለምን ቀላ እንዳለ ጠየቀችኝ። ብርቱካናማና ቀይ ቀለምን ዓሣ በራሱ መሥራት አይችልም፤ ከሚበላው ነው የሚያገኘው። ካሮትን ያቀላው፣ በርበሬውን ያቀላው ያው የቀለም ቤተሰብ ነው፤ ለዚህ ነው በዓሣ ምግብ ውስጥ በርበሬ ሳይቀር የሚገባው። «ታዲያ የኔን በርበሬ ነው የምትበላው በይኛ» አለች ትልቋን እያሳየች። ያቺ ትልቅ ዓሣ ወንድ ነበረች፤ እናቴ ግን እስክትሄድ ድረስ አንቺ ስትላት ቆየች።

እንቁላል የሚጥሉበት ነገር ያስፈልጋቸው ነበር። ቦሴማኒ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጥልም፤ በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት እያደረገ በውሃ ሳር መካከል ይበትናል። ሰዎች ለዚህ ከአረንጓዴ የሹራብ ክር ጉንጉን ሠርተው ያንጠለጥላሉ። ክሩን ገዝቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ጥጥ ስትፈትል ያደገች እጅ ናት፤ በአንድ ቡና ጊዜ ውስጥ ጉንጉኑን ሠርታ፣ ፈልታ በቀዘቀዘች ውሃ አጥባ፣ በቡሽ ላይ አስራ ጨረሰች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሥራ ስመለስ ገንዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ክሩን በጣቶቿ እየለየች፣ «ነይ፣ ነይ እዪ» አለችኝ። የስንዴ ፍሬ እንኳ የማትሞላ፣ አንድ ሚሊ ሜትር የምታክል፣ እንደ ብርጭቆ የጠራች እንቁላል። ከእንቁላሏ ራሷ የሚወጣ ቀጭን ክር አላት፤ በዚያ ክር ነው ከሹራቡ ክር ጋር የተያያዘችው። እናቴ ጥፍሯን አስጠግታ ክሩን ከክሩ ለመለየት ሞከረችና ተወችው። «ፈትላ ነው የመጣችው» አለች።

በሰባተኛው ቀን በሌላ ትንሽ ገንዳ ውስጥ፣ ከውሃው ፊት ሥር፣ ሽፋሽፍት የመሰሉ ነገሮች ይንቀሳቀሱ ነበር። አሥራ አንድ ነበሩ፤ አራቱ አደጉ።

ስለ እነዚህ ዓሦች ካነበብኳቸው ሁሉ ያስደነገጠኝ አንድ ሙከራ አለ። ኩለም ብራውን የሚባል ተመራማሪ የአውስትራሊያን ቀይ ነጥብ ያለባቸውን ቀስተ ደመና ዓሦች በገንዳ ውስጥ አድርጎ መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው መረብ ከጫፍ ወደ ጫፍ ጎተተባቸው። በአምስት ሙከራ ውስጥ ማምለጫ ቀዳዳውን ለዩት። ከዚያ ተወአቸው። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ መረቡን እንደገና ሲያስገባ ዓሦቹ ቀዳዳውን አስታውሰው ነበር። ውጤቱ የታተመው በ2001 ነው። ሰዎች ለዓሣ የሚሰጡትን የሰከንዶች ትዝታ አስቡት። እኔ ወደ ገንዳው ስጠጋ ስድስቱም ወደ ፊተኛው መስታወት ሲመጡ ምግብ ፈልገው ነው ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ ይህ ነው። የምጠብቃቸው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እገምት ነበር። እነሱም እኔን የሚጠብቁበት መንገድ ሊኖራቸው ይችላል፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ትርጉሙ።

አሁን ስለ መስኮቱ።

ቀስተ ደመናን ለማየት ፀሐይ ከጀርባችን መሆን አለባት። ፊታችንን ወደ ፀሐይ ካዞርን ዝናቡ እያለ፣ ብርሃኑም እያለ ቀስቱ የለም። ብርሃኑ በጠብታው ውስጥ ተሰብሮ ተመልሶ በ42 ዲግሪ ያህል ወደ ዓይናችን ሲመጣ ነው ቀለሙ የሚሆነው፤ ስለዚህ አጠገቤ የቆመ ሰው የሚያየው ቀስት በትክክል የኔው ቀስት አይደለም። የማርያም መቀነት ደመናው ላይ ብቻ የታጠቀ አይደለም፤ በደመናውና በሚያየው ሰው መካከል ነው የሚውለው። የቦሴማኒም ሰማያዊ እንዲሁ ነው። ብርቱካኑ ቀለም ነው፤ ሰማያዊው ግን በቆዳው ውስጥ የተደረደሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃኑን ሲመልሱ የሚፈጠር ነው። ከላይ በሚወርድ የገንዳ መብራት ሲታይ ብረት ይመስላል። ብርሃኑ ከተመልካቹ ጀርባ፣ ጎኑን በቀጥታ ሲመታው ግን ይነሳል። ለዚህ ነው አልጌውን እየፋቅሁ ገንዳውን ከምሥራቁ መስኮት ፊት ያላነሳሁት።

ከጥፋት ውሃ በኋላ ቀስቱ ለኖኅ የቃል ኪዳን ምልክት ሆኖ ተሰጠው። ኖኅ ወደ መርከቡ ያስገባቸው ሲዘረዘሩ ዓሣ አልተጠቀሰም፤ ውሃ ለዓሣ መዓት አልነበረምና። ምልክቱ ውሃን ለሚፈራ የተሰጠ ነው። ዓሦቹን እያየሁ ይህን ሳስብ ልቤ ይከብዳል። ውሃን የማይፈሩት ፍጡራን ዛሬ የሚያሰጋቸው ውሃቸው ነው፤ ሐይቃቸው ይቆሽሻል፣ ይጎድላል፣ ባዕድ ይገባበታል። የእነሱን ቃል ኪዳን ማን ይጠብቅላቸዋል? እዚህ ላይ «መጠበቅ» ሁለተኛ ትርጉሙን ሳይሆን አንዳች ሦስተኛ ነገር ይጠይቀኛል፤ ቃልን መጠበቅ፣ ያሉትን አለማፍረስ።

እናቴ በነሐሴ ተመለሰች። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ካቀፈችኝ በኋላ «ልጆቹን ጠብቂ» አለችኝ፤ ዓሦቹን ማለቷ ነበር።

በጥቅምት አንድ ጠዋት፣ ዓሦቹ ከመጡ ዓመት ከአንድ ወር ሲሆን፣ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አየሁት። ትልቁ ወንድ በሴቷ ዙሪያ እየዞረ ነበር። ክንፎቹን ሁሉ ዘርግቷል። ከአፍንጫው እስከ ጀርባው ያለው መስመር አንድ ጊዜ በራ፣ ጠፋ፣ እንደገና በራ፤ ይህ በተለይ በጠዋት ለሴቷ የሚያበራው መብራት ነው። ከኋላው ያለው ብርቱካን ሙሉ ሆኗል። የፊቱ ሰማያዊ ግን አሁንም ግራጫ ነው። ሌላ ወር ይፈልጋል ብዬ አሰብኩ። ደወልኩላት። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በጓሮ በኩል የጎረቤት ዶሮ ይሰማል።

«መጣ?» አለች ገና ሳልናገር።

«ግማሹ ነው የመጣው፣ እማዬ። ፊቱ ገና ነው።»

ካሜራውን ወደ ገንዳው አዞርኩላት። ዝም ብላ አየች። መስታወቱ ላይ የራሴ ጥላ ወድቆ ይታየኝ ነበር፤ ስልኩን የያዘው እጄ፣ ትከሻዬ፣ የሥራ ልብሴ።

«አንቺ ልጅ፣» አለች፣ «ከመስኮቱ ፊት ዞር በይ እንጂ።»

ዞር አልኩ።